ጠጅ ቤት ስትገቡ የማታዩዋቸው፣ እኛ አሳላፊዎች ግን በየምሽቱ የምናያቸው ስህተቶች

አሥራ አንድ ዓመት ጠጅ አሳልፌያለሁ። ዘጠኙን ካዛንቺስ በነበረ አንድ አዝማሪ ቤት ነው የሠራሁት። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ብርሌያችንንና ማሲንቆ መቺያችንን ይዘን ተበተንን። አሁን ያለሁት ቦሌ አካባቢ በተከፈተ «የድሮ ዘመን» ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ጋሻና አገልግል ተሰቅሏል፣ በሩ ላይ የማይሠራ ግራሞፎን ቆሟል፣ መቀመጫው ዱካ፣ ገበታው መሶብ ነው። እኔም እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ለብሼ አስተናግዳለሁ። እውነተኛው የድሮ ቤት ሳለሁ ጂንስ ነበር የምለብሰው።

ቤቱ ቢለወጥም እንግዳው የሚሳሳተው ያው ነው። ይህንን ለመጻፍ የተነሳሁት ትናንት ማታ አንድ ወጣት አዝማሪውን ሸልሞ መልስ ሲጠይቀው ካየሁ በኋላ ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

«ለስላሳ» የሚለውን ቃል ማመን

ጠጅ ስታዙ «ለስላሳ ነው፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጀማሪ ሁሉ ለስላሳውን ይመርጣል፣ ምርጫውም ደግ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ለስላሳ ማለት ኮካ ማለት ሲመስለው ነው። ማሩ በጌሾ ሲብላላ ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል። ደረቁ ብዙ የቆየና ማሩ ተበልቶ ያለቀ ነው፤ ለስላሳው ገና መንገድ ላይ ያለ ነው። ጣፋጩ አልኮሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የጠርሙስ ቢራችን አምስት በመቶ ገደማ ነው፣ ጠርሙሱም ላይ ተጽፏል። ጠጅ እንደ ጣዩ እጅ ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቢራ ይበረታል፣ ብርሌ ላይ ደግሞ ፐርሰንት የሚጽፍ የለም።

አንድ ሐሙስ ማታ ስድስት የባንክ ልጆች ክራቫታቸውን ሳይፈቱ መጡ። «ነገ ሥራ ስላለን ለስላሳውን ስጠን» አሉኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሦስት ብርሌ አወረዱ። ምንም አልሆኑም፣ ይሳሳቃሉ፣ ስለ ብድር ያወራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ መጸዳጃ ቤት ሊሄድ ተነሳ። ተነሳ ስል ለመነሳት ሞከረ ማለቴ ነው። ዱካው አብሮት ተነሳ፣ ከዚያ አብሮት ወደቀ። ሌሎቹ ሊያነሱት ሲሉ የእነሱም እግር እንቢ አለ። ጠጅ እግር ይይዛል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ልክ ናችሁ፣ ፍርዱ የሚሰጠው ስትቆሙ ነው። በየብርሌው መካከል አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፣ አንድ ጊዜም ተነስታችሁ እጃችሁን ታጠቡ። ምን ላይ እንደደረሳችሁ እግራችሁ ይነግራችኋል።

የማትጠጡ ከሆነ ብርዝ አለ፤ ማርና ውሃ ብቻ ነው። ግን «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብርዝ ሲያድር መፍላት ይጀምራል፣ ሳታስቡት ጠጪ ትሆናላችሁ።

ቢጫ ሁሉ ማር አይደለም

ማር ተወዷል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ የሚጠነስስ ቤት አለ፣ ማሩን አሽትቶ ስኳርና ማቅለሚያ የሚጨምር ቤትም አለ። አፋችሁ ውስጥ ጣፋጭ ሆኖ ከዋጣችሁት በኋላ ምንም የማር ጠረን ካልተወ፣ መልኩም እንደ ፋንታ ካበራ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ቢራ ዙሩ። መጀመሪያ በትንሹ ቅመሱ። ድሮ አሳላፊው ራሱ ከብርሌው እጁ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፣ መርዝ የለበትም ለማለት። ዛሬ ያንን ባደርግ ቪዲዮ ታነሱኛላችሁ።

ሞቅ ካላችሁ በኋላ ምግብ ማዘዝ

መጀመሪያ ብሉ። ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ግን ከአሥር ጠረጴዛ ስምንቱ ይገለብጠዋል። ሦስተኛው ብርሌ ላይ ያለ ሰው የሚያዘው በዓይኑ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ቁርጥ ያዛል፣ ግማሹ ይተርፋል፣ በማግስቱ ሂሳቡን አይቶ ቤቱን ይሳደባል።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር ልበል። ወንድነት ያለበት የሚመስላቸው አሉ። ክትፎ ሲያዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጥሬ!» ይላሉ፣ ከዚያ በሚጥሚጣ እየሸፈኑ ለመዋጥ ይታገላሉ። ለብለብ ማዘዝ ነውር አይደለም። ቁርጡንም «ግማሹን ጥበሱልኝ» ብትሉ ወጥ ቤቷ አትቀየምም፣ እንዲያውም ቃሪያና ሽንኩርቱን ታበዛላችኋለች። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ መሆኑን አያቶቻችን ኮሶ እየጠጡ ነው የተማሩት። እኔ ራሴ በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት፣ ከእንግዳ ተራፊ ጎድን ላይ እየቆረጥኩ ስበላ ከርሜ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክኒን ውጬ ነው የዳንኩት። ከዚያ ወዲህ የጥብስ ሰው ነኝ።

ደግሞ ቀኑን እዩ። ረቡዕና ዓርብ መጥታችሁ ክትፎ የለም ሲባል «ምን ዓይነት የባህል ቤት ነው?» አትበሉ፣ ባህሉ እኮ እሱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ግን ረቡዕም ዓርብም ይበላል። በሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ደግሞ አዝማሪ ፍለጋ አትውጡ፤ ብዙዎቹ ማሲንቆውን ይሰቅላሉ።

ጉርሻ

አፍ የሚያክል ይሁን፣ አፍ የሚዘጋ አይሁን። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ማጉረስ ግድ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ስትጠቀልሉ ሁለተኛው እንዳለ አስቡ።

አዝማሪውን አለማወቅ

አሁን ወደ ንዴቴ መጣሁ።

ሰው ሙዚቃ ቤት የገባ ይመስለዋል። ስልኩን ያወጣል፣ መብራቱን አዝማሪው ዓይን ላይ ያበራል፣ «እንትናን ዝፈንልን!» ይላል፣ የሰማውን የስቱዲዮ ዘፈን ስም እየጠራ። አዝማሪ ሲዲ አይደለም። ማሲንቆው አንድ ጅማት ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። የሚዘፍነው እናንተን ነው። በሩን ስታልፉ ጀምሮ ያያችኋል፤ ማን ለማን ወንበር ሳበ፣ ማን ጫማው አዲስ ነው፣ ማን አኩርፏል። «ስሜን ከየት አወቀ?» ብላችሁ ትደነቃላችሁ። ከእኔ ነዋ። ትዕዛዝ ስቀበል የሰማሁትን ሳልፍ ጆሮው ላይ ጣል አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ «አብራው ያለችው ባለቤቱ ናት» አልኩት። አለቃው ነበረች። አዝማሪው ስለሚወልዷቸው ልጆች ሦስት ስንኝ አወረደላቸው። ሴትየዋ ሳቀች፣ ሰውዬው ግን በላብ ተጠመቀ፣ እኔም ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ።

አዝማሪ ሲነካካችሁ ዋናው ጥፋት መቆጣት ነው። ካዛንቺስ ሳለን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲስቅ፣ ሲያጨበጭብ አመሸ፣ እጁ ግን ወደ ኪሱ ገብቶ ባዶውን ይመለሳል። አዝማሪው ሦስተኛ ዙር ሲደርስ እንዲህ አለ፦

እጁ ኪሱ ገባ፣ መውጫው ጠፍቶት ቀረ፣
ብርድ ነው መሰለኝ ጣቱ ተቸገረ።

ቤቱ ፈነዳ። ሰውዬው ግን ፊቱ ተለወጠ፣ ብርሌውን አስቀመጠ፣ ከተቀመጠበት ተነሳ። ጓደኞቹ ዝም አሉ፣ ከበሮ መቺው እጁን ከበሮው ላይ አሳረፈ። አዝማሪው ወደ ኋላ አላለም። ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በቀስታ ቀጠለ፦

ጠጅ ነው ያናገረኝ፣ ባስቀይምህ ጌታ፣
ማር እንጂ ምን አለ ከጠጅ ቤት ገበታ።

ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም። ጎኑ ያለው ሽማግሌ «ማረኝ እኮ ነው የሚልህ!» ብሎ ጎሸም ሲያደርገው ቆሞ እንዳለ ሳቁ መጣ። መቶ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት፣ ከዚያ ሌላ መቶ፣ ተቀምጦም ለቤቱ በሙሉ አንድ አንድ ብርሌ አዘዘ። ያ ሰውዬ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ የእኛ ደንበኛ ነበር። በመጀመሪያው ስንኝ ተቆጥቶ ወጥቶ ቢሆን ሁለተኛውን አይሰማም ነበር። ከአዝማሪ ቤት ተናዶ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ በሰሙ ነው የሚወጣው፣ ወርቁን ሳይቀበል።

መመለስ ከፈለጋችሁ መንገድ አለው። «ተቀበል!» በሉ። አንድ ስንኝ ስጡትና ዝም በሉ፣ እሱ በዜማ እስኪመልሰው ጠብቁ፣ ከዚያ ቤት የሚመታውን ሁለተኛውን ስጡ። በአንድ ትንፋሽ የማይባል ስንኝ ዜማው ላይ አይቀመጥም፤ ከስልኩ ላይ ረጅም ግጥም የሚያነብ እንግዳ አይቻለሁ፣ አዝማሪው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ሲቆጥር ነበር። ዘር የሚነካ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ሰው የሚሰድብ ግጥም ደግሞ አትስጡት። አይቀበላችሁም። ቃሉን ትቶ ማሲንቆውን ብቻ ያስጮኸዋል፤ ይህን ስትሰሙ በጨዋ ደንብ «ተቀመጥ» ተብላችኋል።

ሽልማቱን በተመለከተ፣ ግዴታ አይደለም። ብር ከሌላችሁ ጭብጨባና «ይበል!» ማለት ይበቃል፣ እሱም ቅር አይለውም። ካላችሁ ግን ከመግባታችሁ በፊት ዘርዝሩ። የትናንቱ ወጣት ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ በጆሮው «መቶውን መልስልኝ» አለው። አዝማሪው መለሰለት። ብሩን ብቻ አይደለም የመለሰለት፤ እስኪወጡ ድረስ «መልስ» በሚል ቃል ቤት እየመታ ስድስት ስንኝ አውርዶበታል፣ ፍቅረኛው ፊት። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ደግሞ ጓዳ ገብቼ ስቄያለሁ።

ከአሜሪካ ለመጡ ዘመዶቻችሁ አንድ ቃል፦ እጃቸውን ጎትታችሁ እስክስታ አታስወርዷቸው። ተቀምጠው ትከሻቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ራሳቸው ይነሳሉ። ያልተነሳም ይቀመጥ።

የቀሩት

አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብ ያለ ነገር ነው፣ እኔ አልቀየምም። አዝማሪው እየዘፈነ ሳለ ስታጨበጭቡ ግን ጥሪ ሳይሆን አድናቆት መስሎኝ አልመጣም። እጃችሁን አንሱ።

ባዶ ብርሌ ቶሎ አታስነሱ። ሂሳብ ሲመጣ የሚቆጠረው እሱ ነው፣ ክርክር የሚነሳውም ብርሌው ከተነሳ በኋላ ነው። «እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለውን ትግል እጄ ላይ አታድርጉት፤ አንድ ጊዜ ሸሚዜ ተቀዷል። ልትጋብዙ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጓዳ መጥታችሁ ንገሩኝ።

ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዛችሁ መጥታችሁ «ትንሽ ይቅመስ» አትበሉኝ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክለኛል። ሲጋራም ቤት ውስጥ በዚያው አዋጅ ተከልክሏል፣ የድሮ ዘመን ቤት ነው ብላችሁ አትከራከሩ።

መኪና ይዛችሁ ከሆነ ቁልፉን ለጥበቃው ስጡና ራይድ ጥሩ። ጥበቃችን ጠዋት ድረስ ያድራል።

መጨረሻ ላይ ብርሌ። አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ክብ ነው። ሆዱን በመዳፍ አትጨብጡት፣ ጠጁን ታሞቁታላችሁ፤ አንገቱን በሦስት ጣት ያዙት። ብርሌ ሲያጥቡ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንቴ ቀዝቃዛ ብርሌ ላይ የፈላ ውሃ ጨምሬ አሥራ አራቱን በአንድ ጠዋት ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ የሰበረ ሰው ላይ ፊቴን አላጠቁርም። የሚያናድደኝ የሚደብቅ ሰው ነው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል፣ እናንተ ግን የነቃውን ከመሶቡ ሥር ሸጉጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቀጣዩ እንግዳ ሲመጣ ዕቃ የሚያነሳው ልጅ ከሌሎቹ ጋር ያነሳውና ጠጅ ይሞላበታል። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ከንፈሯን ቆረጣት። ስትሰብሩ ጥሩኝ፣ ዋጋው ሂሳቡ ላይ ይጨመራል፣ ብዙም አይደለም።