«ኧ» ወይስ «ዘ»? አማርኛውን ጠይቁት

እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ፦ ተማሪ «ኧ» (a) እና «ዘ» (the) ሲምታታበት ሕጉን ከመደርደራችሁ በፊት ነገሩን በአማርኛ አስብሉት። «ደብረ ብርሃን ገበያ በግ ገዛሁ። በጉ ጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ጠፋብኝ።» መጀመሪያ «በግ»፣ ቀጥሎ «በጉ»። ባዶው «ኧ ሺፕ»፣ መጨረሻው ላይ የ«ኡ» ጭራ ያበቀለው «ዘ ሺፕ»። እኔ ጭራዋን በቀይ ጠመኔ አሰምርባታለሁ። የሚሠራው አማርኛም የታወቀውን ካልታወቀው ስለሚለይ ነው፤ እኛ ከስሙ ኋላ እንቀጥላለን፣ እነሱ ከፊት ያስቀድማሉ።

ሁሌ ግን አያዋጣም። «አበበ በጉን ሸጠ» ሲባል የራሱን በግ ከሆነ «ሂዝ» ነው። «ፀሐይ ወጣች» ጭራ የለውም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሰን» ይላል። «ውሃ ጠጣሁ» ላይም «ኧ» እንዳያስገቡ፤ ውሃ አይቆጠርም።