ገዳዩ ጋ ሳትደርሱ የሚያስቀሯችሁ ስህተቶች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የማከራይባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ዕቃዬ የሚመጣው ባብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ልጆች ነው። ሲመረቁ ሻንጣው ይከብዳቸዋል፤ ልብሱን ይዘው መጽሐፉን እኔ ጋ ጥለው ይሄዳሉ። ከሁሉም የሚፈለገው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። በተለይ ተከታታዩ፣ አንዱ መርማሪ በአሥርና በሃያ መጽሐፍ ውስጥ የሚመላለስበት። መስከረም በጠባ ቁጥር "ዘንድሮ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው እዘልቀዋለሁ" ብሎ የሚፎክር ሰው አይጠፋም። ኅዳር ላይ ያው ፎካሪ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። የወሰደው መጽሐፍ ቤቱ አቧራ እየጠጣ ነው።

መሮጥ

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ባለፈው ዓመት አንድ የባንክ ሠራተኛ ልጅ መጣና የመርማሪውን የፖይሮን የመጀመሪያ መጽሐፍ ወሰደ። በሁለት ሌሊት ጨረሰው። "ጋሼ፣ ሁለተኛውን!" ሰጠሁት። በአንድ ወር ሰባት በላ። "ቀስ በል" አልኩት፤ ሳቀብኝ። ስምንተኛውን ግማሽ ላይ አጥፎ መለሰልኝና "ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ።

አንድ አይደለም! አንድ ያደረገው እሱ ነው። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያው የፖይሮ መጽሐፍ የወጣው በ1920 ነው፣ የመጨረሻው በ1975 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። 33 ልብ ወለድ በ55 ዓመት። የዚያን ጊዜ አንባቢ አዲሱ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ደራሲዋ ስለ ጢሙ፣ ስለ እንቁላል መሳይ ጭንቅላቱ በየመጽሐፉ ታስታውሰዋለች። ለጠበቀ ሰው ይሄ ሰላምታ ነው። በሳምንት ሁለት ለሚውጥ ግን ንዝንዝ ይሆናል። የደራሲዋ ዘዴም ይነቃበታል፤ ማን እንደ ገደለ በምርመራ ሳይሆን በልምድ ያውቀዋል። ከዚያ ምን ቀረ? ቡና እንኳ በአቦልና በቶና መሀል ወሬ አለው።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ የፓሪሱን መርማሪ የሜግሬን አሥራ አንድ መጽሐፍ አከታትዬ አነበብኩ። ዛሬ የቱ ሬሳ በየትኛው መጽሐፍ እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። አሥራ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሬሳ።

ለዓመት የሚበቃውን መጀመሪያ ቁጠሩት። ስዊድናውያኑ ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የጻፉት የመርማሪ ማርቲን ቤክ ተከታታይ አሥር መጽሐፍ ብቻ ነው። በወር አንድ ብትሉ ሁለት ወር ይተርፋችኋል፣ ጳጉሜ ደግሞ ምርቃት ናት። ሼርሎክ ሆምስ 4 ልብ ወለድና 56 አጭር ታሪክ ነው። በሳምንት አንድ አጭር ታሪክ ከያዛችሁ እስከ ቀጣዩ መስከረም መጨረሻ ይወስዳችኋል። ሜግሬ 75 ልብ ወለድ አለው፤ ቀጫጭን ቢሆኑም እሱን በዓመት ለመጨረስ አትሞክሩ። ሃያ መርጣችሁ አንብቡና ሌላውን ተዉት። በመሀል ደግሞ ሌላ ነገር አንብቡ፤ ግጥምም፣ ታሪክም፣ ጋዜጣም ይሁን።

ከመሀል መግባት

"የተገኘውን ስጠኝ" የሚል ደንበኛ አለ። ለፖይሮ ይሁን፣ ብዙ ጉዳት የለውም፤ የመጨረሻውን ብቻ ለመጨረሻ አስቀሩት። ለማርቲን ቤክ ግን አይሆንም። ጥንዶቹ ደራሲዎች ከመነሻው አሥሩን እንደ አንድ ትልቅ ታሪክ ነው ያቀዱት። የመጀመሪያው በ1965 ወጣ፣ የመጨረሻው በ1975፤ ቫሎም በዚያው ዓመት ሞተ። መርማሪው ሲያረጅ፣ ትዳሩ ሲላላ፣ አገሩ ሲለወጥ ታያላችሁ። ስድስተኛው ላይ የገባ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን እንደ ሞተ ሳያውቅ "እግዜር ያጥናችሁ" እንደሚል እንግዳ ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የወጣበት ዓመት። የኖርዌዩ ጆ ኔስቦ የመርማሪ ሃሪ ሆል መጽሐፍት ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱት ተዘበራርቀው ነው። አምስተኛው በ2005 ወጣ፣ ሦስተኛው በ2006፣ የመጀመሪያው 2012ን ጠበቀ። ችግሩ በሦስተኛው የተከፈተ አንድ ጉዳይ የሚዘጋው በአምስተኛው መሆኑ ነው። የእንግሊዝኛውን ዓመት የተከተለ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያገኘዋል። ደራሲው በራሱ ቋንቋ ያሳተመበትን ዓመት ፈልጉ።

አንዱን ሰው ሁለት ማድረግ

ይሄ የኛው የሐበሾቹ ስህተት ነው፤ ስለዚህ እወደዋለሁ። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። እነሱ እገጽ 10 ላይ በራሱ ስም ይጠሩትና እገጽ 40 ላይ በቤተሰቡ ስም ይጠሩታል። ሚስቱም በዚያው ስም ትጠራለች። አንዲት የነርስ ተማሪ መጽሐፉን ስትመልስ "ገዳዩን ያገዘው ሌላኛው ሰውዬ ግን ለምን አልታሰረም?" አለችኝ። ሌላኛው ሰውዬ ራሱ ገዳዩ ነበር። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሁለት አድርጋ ስታሳድደው ከርማለች። ከዚያ ወዲህ በየመጽሐፉ ውስጥ አንድ ባዶ ወረቀት አስገባለሁ፤ ሙሉ ስምና ሥራ ይጻፍበታል። አንዳንዱ የዱቤ ሒሳብ ጽፎበት ይመልስልኛል።

ቅጠል ሳይቆጥሩ መውሰድ

የጅማ እርጥበት መጽሐፍ አይወድም። ክረምት ላይ ሙጫው ይለቃል፣ ቅጠሉ አንድ አንድ እያለ ይረግፋል። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ የመጨረሻው ነው። ከመውሰዳችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጥር እዩ። ቁጥሩን ብቻ!

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ማታ፣ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ "ገዳዩ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው" ብሎ ገጹን ስገልጥ የጀርባው ሽፋን መጣ። ስድስት ቅጠል የለም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ያው መጽሐፍ እንዳለው አውቃለሁ፤ ደወልኩለት። እየሰደበኝ ተነስቶ ገጾቹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። መብራት ሄዷል። ስልኬ 4 ፐርሰንት ላይ ነው። አንደኛው ፎቶ ተከፈተ። ሁለተኛው ተከፈተ። መርማሪው ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ዞረ፣ ጣቱን አነሳ። ስልኩ ጠፋ። መብራት የመጣው በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነው።

በምርቃና ማንበብ

ጅማ ነን፣ አንደባበቅ። በምርቃና ሁለት መቶ ገጽ ትሄዳላችሁ፣ ገዳዩንም ታገኙታላችሁ፤ ጠዋት ስትነሱ ግን ያገኛችሁት ሌላ ሰው ነው።

መናገር

መጨረሻውን ቀድሞ ያነበበ ራሱን ነው የጎዳው። የተናገረ ግን ሰው ይጎዳል። አንዱ ደንበኛዬ እገጽ 12 ጥግ ላይ በእስክሪብቶ "ሾፌሩ ነው" ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። ላጲስ አይነካው። ቀለም ቀባሁበት፤ አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ቀለሙን ወደ ብርሃን እያነሳ ያያል። በነገራችን ላይ ፖይሮ ሲሞት ኒውዮርክ ታይምስ በ1975 በፊት ገጹ እንደ እውነተኛ ሰው የሞት ዜና አውጥቶለታል። ጋዜጣ የተናገረውን እኔ ብደግመው ነውር የለብኝም ብዬ ነው።

ያልተጻፈውን መፈለግ

ተከታታዩ ማለቁን፣ አለማለቁን ቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካዊቷ ሱ ግራፍተን በ1982 ጀምራ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር። ሃያ አምስቱን ጨረስኩ። ሃያ ስድስተኛውን ሁለት ወር ሙሉ አሰስኩ። ለሹፌር ነገርኩ፣ ለተማሪ ነገርኩ፣ አዲስ አበባ ላሉ መጽሐፍ አዟሪዎች መልእክት ላክሁ። በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ሴትዮዋ በ2017 የመጨረሻውን ሳትጽፈው አርፋለች። ቤተሰቧም ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈቀደም። ሹፌሩ እስካሁን ሲያየኝ "ዜድ አልመጣችም?" ይለኛል።

የመጨረሻውን ማስቀረት

ይሄ የኔ ቅሬታ ነው። አሥራ አንድ ወር በሥርዓት ሲመልሱ የከረሙ ሰዎች የመጨረሻዋን መጽሐፍ ይዘው ይጠፋሉ። የፖይሮን መጨረሻ ክሪስቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ እስከ 1975 አስቀምጣዋለች። የኔዋ ቅጂ ከሄደች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሽፋኗ ላይ የሲኒ ቂጥ የሚያህል ክብ የቡና እድፍ አለባት። ሂርማታም ይሁን ቆጪ የሰው ቤት ካያችኋት "ጋሼ ጠይቋል" በሉልኝ።