የታካሚን ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ከማጋራትዎ በፊት

ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ በፌስቡክ ገጹ ወይም በቴሌግራም ቻናሉ የሚጽፈውን ሕዝቡ የሚያነበው እንደ ባለሙያ ቃል ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ እምነት የሚጣልበት የጤና መረጃ ገና ብዙ ስለማይገኝ ባለሙያዎች መጻፋቸው ሊበረታታ ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በታካሚ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ከመለጠፉ በፊት ጊዜ ወስዶ መመርመር ግዴታ ነው።

ብዙዎች ስም ካልጠሩና ፊት ከሸፈኑ ምስጢር የጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ትልቁ ስሕተት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የወረዳ ሆስፒታል ሐኪም «ትናንት ሌሊት በቃሬዛ የመጣች፣ የ28 ዓመት፣ የሦስት ልጆች እናት» ብሎ ቢጽፍ፣ ሴትዮዋ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማንም ልትሆን ትችላለች፤ ተሸክመው ላመጧት ጎረቤቶቿ ግን ከእርሷ በቀር ሌላ ልትሆን አትችልም። ስለዚህ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎት እንግዳ ሰው ይለያት እንደሆነ ሳይሆን እርሷ ራሷ ወይም ዘመዶቿ ቢያነቡት ያውቁት እንደሆነ ነው። ለትምህርቱ የማያስፈልገውን ዕድሜ፣ ቀንና ቦታ ያውጡ፤ ወራት እስኪያልፉም ይቆዩ። እነዚህ ወጥተው ታሪኩ ትርጉም የሚያጣ ከሆነ፣ ቦታው የሆስፒታሉ የጠዋት ስብሰባ እንጂ ማኅበራዊ ሚዲያ አይደለም።

ምስልን በተመለከተ፣ በራጅ ፊልም ጠርዝ ላይ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር መኖሩን፣ ከጀርባም የሌሎች ታካሚዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ መታየቱን ይመልከቱ። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ሊይዝ ስለሚችል፣ በቴሌግራም «ፋይል» አድርገው ሲልኩት ይህ መረጃ አብሮ ይሄዳል።

ፈቃድ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ የተዘጋጀ ሰው ለሐኪሙ «እሺ» የሚለው ብዙ ጊዜ አክብሮ ወይም ፈርቶ ነው፤ ሕይወቱን በእጅዎ አስቀምጦ እንዴት እምቢ ይላል? ጥያቄው ታካሚው ድኖ ከወጣ በኋላ፣ በሚገባው ቋንቋና በጽሑፍ ይቅረብለት፤ አንዴ የወጣ ምስል እንደማይመለስም በግልጽ ይነገረው። ለሕክምና ወጪ እርዳታ ሲሰበሰብ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ቤተሰቡ በጭንቅ ላይ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር ይፈቅዳል። በእኔ እምነት ጥሪውን ቤተሰቡ በራሱ ገጽ ቢያወጣና ሆስፒታሉ በደብዳቤ ቢያረጋግጥ፣ ሐኪሙ የታካሚውን ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ከሚለጥፍ እጅግ ይሻላል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ይመድባል።

በአስተያየት መስጫው ሥር «ዶክተር፣ ምን ያህል ልውሰድ?» ለሚል ጠያቂ የመድኃኒት መጠን አይጻፉ፤ ያልመረመሩት ሰው ነው፤ መልስዎን አይቶ ሌላም ሰው ሊወስደው ይችላል።

የለጠፉት ነገር ታካሚን የሚያጋልጥ መሆኑን ዘግይተው ከተረዱ፣ ማስተካከል ስለማይበቃ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ፌስቡክ ላይ የተስተካከለ ጽሑፍ የቀድሞ ቅጂው በማስተካከያ ታሪኩ ውስጥ ይታያልና። ከዚያም ለክፍል ኃላፊዎ ያሳውቁ፤ ታካሚውም ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእርስዎ ይስማ።