የጠቆረ ሙሌት ይቀየር አይቀየር? ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጥር ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ይበዛል። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ ፎቶ አለ። ታዲያ ድሮ የተሞላ መንጋጋውን በስልክ መብራት አይቶ «ዶክተር፣ ጠቁሯል፤ አውጪውና ነጩን አድርጊልኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። የማያመው፣ ያልተሰበረ፣ ራጁ ንጹሕ የሆነ ጥርስ! አፌ እስኪደርቅ ከማስረዳ ልጻፈው ብያለሁ።

ዋናው ስህተት ጥቁር ሁሉ ብስባሽ ነው ብሎ ማመን ነው። ያ ብርማ ሙሌት አማልጋም ይባላል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ብረት ነውና ምራቅና ምግብ ሲፈራረቅበት ላዩ ይጠቁራል። ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ወደ ጥርሱ ሰርጎ ከውጭ ግራጫ ሊያስመስለው ይችላል። እንዲያውም ዝገቱ በሙሌቱና በጥርሱ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ይደፍናል። አንዳንዱ መልከ ጥፉ አማልጋም 20 ዓመት አልፎት ሥራውን የሚሠራው በዚህም ጭምር ነው።

«ቢቀየርስ ምን አለበት?» ትሉኛላችሁ። አለበት እንጂ! ሙሌት ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ መሰርሰሪያው ጤነኛውንም ጥርስ ይዞ ይሄዳል። ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይሳሳል። የሚቀጥለው ሙሌት ከበፊቱ ይበልጣል። እንዲህ እየተባለ ጥርሱ ይሰነጠቃል ወይ ነርቩ ይነካል፤ ከዚያ የሥር ሕክምና፣ ከዚያ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ)፣ ከዚያ መንቀል። አንድ ከአዘዞ የመጣ ደንበኛዬ ምንም የማይሰማውን መንጋጋ ሌላ ቦታ «ለውበት» አስቀይሮ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ እኔ ጋ መጣ። ነርቩን ማዳን አልተቻለም። ሙሌቱ ግን ነጭ በነጭ ነበር።

መቀየር ያለበት የተሰበረ፣ የሚነቃነቅ፣ ጠርዙ ተከፍቶ ምግብ የሚይዝ፣ የጥርስ ክር የሚበጣጥስ፣ ወይም ከሥሩ ራጅ ላይ ብስባሽ የሚታይበት ሙሌት ነው። ስትነክሱ ወይም ንክሻውን ስትለቁ ብልጭ የሚል ሕመም ካለ ደግሞ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ።

«አያመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለትም ስህተት ነው። ከሙሌት ሥር ያለ ብስባሽ ነርቩ ጋ እስኪጠጋ ድረስ ዝም ሊል ይችላል።

ራጅ ሳያነሳ «ሁሉም ይቀየር» ከሚል ባለሙያ ወንበር ላይ ተነሱ።

ነጩ ሙሌት፣ ማለትም ኮምፖዚት፣ ሌላ ጣጣ አለው። ቡና፣ ሻይና ሲጋራ ቀለሙን ይለውጡታል። ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣ ሰው ይህ የሚጠበቅ ነው። ጠርዙ ላይ የምትታይ ቡናማ መስመርም ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የቀረ ቀለም ብቻ ናት። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት «ቢወለወል አይበቃም? ጠርዙ ብቻ ቢጠገንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሙሽሮች ደግሞ ቅደም ተከተል ይገለብጣሉ። ጥርስ ማንጫ ጥርሱን እንጂ ሙሌቱን አያነጣም። አንዷ ሙሽራ የፊት ሙሌቶቿን ከጥርሷ ቀለም ጋር አመሳስላ አስቀየረች፤ ከዚያ ጥርሷን አስነጣች። ጥርሷ ነጣ፣ ሙሌቶቹ ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ፣ ሠርጉ ደረሰ። እናንተ መጀመሪያ አስነጡ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ሙሌቱን ቀይሩ። መጠበቁ ቀለሙ እንዲረጋና አዲሱ ሙሌት በደንብ እንዲጣበቅ ነው።

የፊት ጥርስ ከጠቆረ ግን አስተውሉ። የጠቆረው ሙሌቱ ሳይሆን ጥርሱ ራሱ ከሆነ፣ ምናልባት ድሮ ተመትቶ ነርቩ ሞቷል። ሙሌት መቀየር ይህን አይፈታም።

ስለ አማልጋሙ ሜርኩሪ ከአሜሪካ የሚደወል ስልክም አለ፦ «እታለም፣ መርዝ ነው፣ ዛሬውኑ አስወጪው!» የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ጨምሮ ለተወሰኑ ሰዎች አዲስ አማልጋም ባይሞላ ይሻላል ብሏል። ደህና ሆኖ የተቀመጠውን ግን ያለ ሕክምና ምክንያት አታስወጡ ነው ያለው። ሲሰረሰር የሜርኩሪው ትነት ለጊዜው ይጨምራልና። ነፍሰ ጡር ሆና ጤነኛ አማልጋም አስወጪ የምትለኝን ሁሉ ወደ ቤቷ እመልሳለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አማልጋም መሙላትን ከልክሏል፤ ክልከላው አፍ ውስጥ ያለውን አስወጡ አይልም።

ስትስቁ የሚታይና የሚያሳፍራችሁ ሙሌት ካለ መቀየር መብታችሁ ነው፤ አልቆጣም። የምትከፍሉት በብር ብቻ ሳይሆን በጥርስም መሆኑን አውቃችሁ ግቡበት።

ካስቀየራችሁ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ቀናት ሊነዝራችሁ ይችላል። ስትነክሱ ግን ያ ጥርስ ቀድሞ የሚገጥም ከሆነ «ይለመዳል» ብላችሁ አትቀመጡ። ተመለሱ፤ ከፍ ያለውን መሞረድ የደቂቃዎች ሥራ ነው።