የደብል ቤዝ ክር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሐዋሳ ውስጥ የጊታር ክር ሞልቷል፣ የክራር ክርም አይጠፋም። የደብል ቤዝ፣ የዚያ ቆመው በጣት ወይም በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ የእንጨት ዕቃ፣ ክር ግን ወይ አዲስ አበባ ተጠይቆ ተጠይቆ ነው የሚገኘው፣ ወይ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ አንዴ ከተሳሳታችሁ «ልለውጠው» ብሎ ነገር የለም፣ ስህተታችሁ ዕቃው ላይ ተወጥሮ ለዓመታት አብሯችሁ ይኖራል።

«የቤዝ ክር ላክልኝ» ብሎ ማዘዝ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ጀርመን ላለው ታላቅ ወንድም «ጋሼ፣ ስትመጣ የቤዝ ክር ያዝልኝ» ተብሎ ይጻፋል። ጋሼ ምን ያውቃል? ሱቅ ገብቶ «ቤዝ» ይላል፣ የቤዝ ጊታር ክር አሽገው ይሰጡታል። የቤዝ ጊታር ክር የሚጮኸው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የደብል ቤዝ ደግሞ ከ104 እስከ 106። መቃኛው ጋ እንኳን አይደርስም።

መጠኑም ያምታታል። 3/4 የሚለውን ሲያዩ የልጆች መስሏቸው 4/4 የሚያዝዙ አሉ። ደብል ቤዝ ላይ መደበኛው 3/4 ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚጫወተውም እሱን ነው። ለማንኛውም ሜትር አምጡና ክሩ ከላይ አንገቱ ጫፍ ላይ ካረፈበት እስከ ብሪጁ (ሆዱ ላይ ቆሞ ክሮቹን የደገፈው እንጨት) ድረስ ለኩ፣ ቁጥሩንም ጻፉለት።

ፓኬቱ ላይ «ሶሎ» የሚል ካለም ይቅርባችሁ። የሶሎ ክር ከተለመደው ቅኝት አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ እንዲቃኝ የተሠራ ቀጭን ክር ነው፦ ኤ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ። አውርዳችሁ በጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ከቃኛችሁት ይላላል፣ ድምፁም አቅም ያጣል። የምትፈልጉት «ኦርኬስትራ» የሚለውን ነው። ኦርኬስትራ አይታችሁ ባታውቁም ማለቴ ነው።

«ምርጡ ክር የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ

ምርጥ የሚባል ክር የለም። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ በጣት ነው የምትጫወቱት ወይስ በደጋን የሚለው ነው። ሁለቱ ከክር የሚፈልጉት ነገር አይገናኝም።

ስፒሮኮርን ውሰዱ። ቪየና ያለው ቶማስቲክ የሚሠራው የብረት ክር ነው፣ የጃዝ ሰዎች ይሞቱለታል። በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ነው፣ አንዷ ኖታ ቶሎ አትሞትም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ደጋን ለጀማሪ ግን ፈተና ነው፤ ይንሸራተታል፣ ያፏጫል፣ «እኔ ነኝ ወይስ ክሩ?» ያሰኛል። በደጋን ለሚማር ወይም ከመዘምራን ጋር ረጃጅም ድምፅ ለሚይዝ ሰው የፒራስትሮ ፍሌክሶኮር ወይም የዳዳሪዮ ሄሊኮር ኦርኬስትራ ይሻለዋል። ደጋኑን ወዲያው ይቀበላሉ። በጣት ሲመቱ ግን ከስፒሮኮር ይልቅ ድምፃቸው ጠቆር ያለ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው።

መሃል ላይ ሄሊኮር ሃይብሪድ አለ፣ ልባቸው ከሰው ሠራሽ ቃጫ የሆነው ኤቫ ፒራዚና ኦብሊጋቶም አሉ። ከሁለቱም ወገን ይሰጧችኋል፣ ከሁለቱም ትንሽ ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማታ ትጫወታላችሁ እንበል። እራት ላይ ለስለስ ያለ ጃዝ ነው፣ ቀጥሎ ትዝታ ይጠየቃል፣ ሰው ሞቅ ሲለው ደግሞ ችክችካ ካልሆነ አይወድላችሁም። ለትዝታ ረጅም የሚጮህ ብረት ግሩም ነው፣ አንዷን ኖታ ይዛችሁ ዘፋኙን ትጠብቃላችሁ። ችክችካ ላይ ግን ያው ርዝመት ጠላት ይሆናል። ያለፈችው ኖታ ሳትሞት አዲሷ ትመጣለች፣ ከከበሮው ጋር ተደበላልቆ ጭቃ ይሆናል። በግራ እጅ እያፈኑ መጫወት ይቻላል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ግን ያደክማል። አብዛኛው ሥራችሁ ጭፈራ ከሆነ እኔ ብሆን ስፒሮኮርን ትቼ ኦብሊጋቶን ነው የምመርጠው።

የአንጀት ክር ገዝቶ ሌላውን ነገር እንዳለ መተው

በገና የሰማ ሰው የአንጀት ክርን ድምፅ ያውቀዋል፦ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ ደብል ቤዝም በአብዛኛው በአንጀት ክር ነበር የሚጫወተው። የድሮ ጃዝ ወይም ክሩን ፊንገርቦርዱ (ጣት የሚጫንበት የአንገቱ ሰሌዳ) ላይ እያላተሙ የሚጫወቱት ስላፕ የሚያምረው ሰው አንጀት ቢመኝ አይፈረድበትም፣ ለጣትም ለስላሳ ነው።

ችግሩ ለብረት የተስተካከለ ዕቃ ላይ ማሰሩ ላይ ነው። አንጀት ይወፍራል፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ጠባብ ቦይ ውስጥ ይነክስና መላላጥ ይጀምራል። ሲርገበገብም ሰፋ ብሎ ስለሆነ፣ ብሪጁ ከፍ ካላለ ፊንገርቦርዱን እየነካ ይንጫረራል። ቦዩን አስፍታችሁ ወደ ብረት ልመለስ ብትሉ ደግሞ ቀጭኑ ክር እዚያው ውስጥ ይዋልላል። ስለዚህ ሳትወስኑ ሞረድ አታንሱ።

ከዚያ አየሩ አለ። አንጀት እርጥበት ይጠጣል፣ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ቃኝታችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ስትወጡ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ በየዘፈኑ መሃል መቃኛ መጠምዘዝ ነው። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው የጃዝ ቤዝ ተጫዋቹን ቻርሊ ሃደንን ይመልከት፦ ላይኞቹን ጂና ዲን አንጀት፣ ታችኞቹን ኤና ኢን ብረት አድርጎ ነበር የሚጫወተው። አራቱም ክር ከአንድ ፓኬት ይውጣ የሚል ሕግ የለም።

የክሩን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየር የሚወስደው ፒክአፓችሁ ማግኔት ያለው ከሆነ ግን የአንጀት ነገር ያው አለቀ። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። ብሪጁ ላይ የሚለጠፈው ፒየዞ የሚባለው ፒክአፕ ግን ማንኛውንም ክር ይወስዳል።

«ከባዱ ይጮሃል» ማለት

አይጮህም፣ ወይም ሁልጊዜ አይጮህም። እያንዳንዱ ክር በግምት ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይስባል፣ አራቱ ተደምረው ከመቶ ኪሎ በላይ ናቸው። በዚያ ላይ «ሄቪ» የሚለውን ከባድ ክር ስታስሩበት የዕቃው ሆድ ይታፈንና ድምፁ ይጠባል፣ ጣታችሁም ይላጣል። ሚዲየም ወይም ላይት ይበቃል፣ ለቀረው አምፕሊፋየር አለ።

አራቱንም ባንዴ መፍታት

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ሆዱ ውስጥ፣ ከብሪጁ አንደኛው እግር ወደ ኋላ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ዘንግ ቆማለች፣ ሳውንድ ፖስት ይሏታል። በሙጫ አልተያዘችም፣ የሚይዛት የክሮቹ ግፊት ነው። ክሮቹ በሙሉ ከላሉ ትወድቃለች፣ እሷን በትክክል መልሶ የሚያቆም ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊመጣ ነው። አንዱን ፍቱ፣ አዲሱን እሰሩ፣ ቃኙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቦዮች በእርሳስ ቀቡ፣ እንዲንሸራተት። በየመሃሉም ብሪጁን ከጎን እዩት፤ ስትወጥሩ ወደ ፊንገርቦርዱ ይጎተታል፣ በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱት።

በመጀመሪያው ማታ መፍረድ

አዲስ ብረት ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። አንጀትና ሰው ሠራሹ ደግሞ እየተሳቡ ቅኝት አልይዝ ይላሉ። ጥቂት ሳምንት ተጫወቱበት፣ ከዚያ ትወዱት ወይም ትጠሉት እንደሆን ይለያል። ለሠርግ ከሆነ ክር የምትቀይሩት፣ ዋዜማው ላይ አይሁን።

አሮጌውንም ክር አትጣሉ። በየስሙ ጽፋችሁ፣ ሳትሰብሩት ጠቅልላችሁ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ አኑሩት። ቅዳሜ ማታ ሥራ ላይ ጂ ቢበጠስባችሁ እዚህ ከተማ ውስጥ የምታገኙት ሌላ ጂ የለም።