የካንቫስ ጥልፍ መደቡ በምን ይሞላ?

ካንቫስ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጥልፍ ጨርቅ) ላይ ሥዕሉን ጠልፎ መጨረስ ቀላል ነው። ሰው የሚሰለቸው መደቡ፣ ማለትም በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያዬን የሶፋ ትራስ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ስጠልፍ ጀበናዋን በሁለት ሳምንት አደረስኳት፤ ዙሪያዋን መሙላት ግን ክረምቱን በላው።

መጀመሪያ ዕቃው ለምን እንደሆነ ወስኑ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ረጃጅም ስፌት ያምራል፣ ቶሎም ይሞላል። ልጅ ለሚዘልበት ትራስ ግን እንዳትሞክሩት፤ የድመት ጥፍር ያዘው ማለት ክሩ ተመዘዘ ማለት ነው። ሥዕሉ ዝርዝር ከበዛበት ደግሞ መደቡ ዝም ያለ ይሁን።

ክር በአንዴ ግዙ። ዳር ላይ 2.5 በ2.5 ሳንቲሜትር ሞልታችሁ የበላውን ክር ለኩና በመደቡ ስፋት ልክ አባዙት፣ ትርፍም ጨምሩ። ሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መልኩ ሊለይ ይችላል። መደቡ ጠቆር ካለ (እኔ የጎጃም ገበሬ ቁምጣ የመሰለ አረንጓዴ ነበር የመረጥኩት) ነጩ ካንቫስ በመሃል ብቅ ይላል፣ ስለዚህ አንድ ነጠላ ክር ጨምራችሁ አወፍሩት።

አሁን ዋናው ጣጣ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በመስመር ከቀኝ ወደ ግራ እየሄዱ አንድ አንድ ያዘመመ ስፌት መጣል ነው። ለትንሽ ቦታ ጥሩ ነው። ሰፊ መደብ ሲሞላበት ግን ካንቫሱን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። የእኔ ጀበና ልትወድቅ የደረሰች መሰለች! አርጥቤ፣ ወጥሬ፣ ሳንቃ ላይ በሚስማር መታሁት፤ ቀና አለ፣ ግን ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ነካውና ተመልሶ ዘመመ።

መፍትሔው በሰያፍ መሙላት ነው። ፊቱ ያው ነው፣ ጀርባው ግን እንደ ሰሌን ተሸምኖ ካንቫሱን ይይዘዋል። ክር ትንሽ ይበላል፣ አትሰስቱ። ከላይኛው ቀኝ ጥግ ጀምሩ። በሰያፍ ስትወርዱ መርፌው ቁልቁል ሁለት የካንቫስ ክር ሥር ያልፋል፣ ስትወጡ ወደ ጎን ሁለት ክር። ካንቫሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ መገናኛዎቹ ላይ አንዱ ጋ ቋሚው ክር፣ ቀጥሎ አግዳሚው ከላይ ይሆናል። ቋሚው ከላይ ያለበትን ስትወርዱ፣ አግዳሚው ከላይ ያለበትን ስትወጡ ሸፍኑ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መውረድ ወይም መውጣት የለም፣ ፊቱ ላይ እንደ ጠባሳ መስመር ያወጣል። ሥራውን ስታቆሙ መስመሩ መሃል ላይ አቁሙ፣ ስትመለሱ አቅጣጫው አይጠፋችሁም።

ክሩ ከ45 ሳንቲሜትር አይርዘም፣ ካንቫሱ ይልገዋል። መርፌው ጫፉ ዱልዱም ይሁን።

እኔ ሁለተኛው ትራስ ላይ መስመር ጨርሼ ቡና ላፈላ ተነሳሁ፣ ተመልሼ እንደገና ወረድኩ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ትራስ እደርብበታለሁ።