የምጣድ ሽቦ ከቀጠላችሁ ሳትሰኩት በፊት ኦሙን ለኩ

የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ ስትቀጥሉ የተቃጠለውን ቆርጣችሁ ከጣላችሁ ሽቦው ያጥራል፤ ሲያጥር ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚገታው፣ በኦም የሚለካው) ይቀንስና ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል። ስፒና የሚያቀልጠው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ልኩን ለማወቅ ቮልቱን በራሱ አባዙና ምጣዱ ላይ ለተጻፈው ዋት አካፍሉት። 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ከሆነ 48400 ለ3500፣ ማለትም 13.8 ኦም ገደማ። የምጣድ ሽቦ ሲግልም ኦሙ ብዙ ስለማይቀየር በቀዝቃዛው መለካት ይበቃል። መልቲሜትሩ (ኦምና ቮልት መለኪያው) 11 ኦም ካሳየ ግን 220 ለ11፣ 20 አምፔር ይስባል፤ 4400 ዋት መሆኑ ነው። በ16 አምፔር ሶኬት ፈጽሞ አትሰኩት፣ አዲስ ሽቦ ግዙ።

ኦሙ ልክ ሆኖ ምጣዱ አልግል ካለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በብርዱ ከማመካኘት በፊት የሶኬቱን ቮልት እዩ። ወደ 180 ከወረደ የምታገኙት 2350 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ቮልቱ በ18 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ ሲሶውን ያጣል። የቮልቱን መቀነስ ሽቦ በማሳጠር ለማካካስ አትሞክሩ፤ ቮልቱ ሲመለስ ይቃጠላል።

ኦም የሚለካው ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። ስሌቱ ለሞተርና ለባለ ክር አምፖል አይሆንም፤ የአምፖል ክር ሲቀዘቅዝ ኦሙ ሲበራ ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።